ከአየር ፎቶና ከከፍታ ዳታ ሕንፃ ለይቶ በስሪዲ መስራት፦ በነፃው የዴልፍት ዳታ እየተለማመድን

ጂአይኤስ ወይም ሰርቬይንግ የምትማሩ፣ ወይ ደግሞ ካርታና ካዳስተር (የመሬት ይዞታ ምዝገባ) አካባቢ የምትሰሩ ከሆነ "ከአየር ፎቶ ላይ ሕንፃ በአውቶማቲክ እንዴት ነው የሚወጣው" የሚለው ጥያቄ መቼም ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ አብዛኛው መልስ ፎቶውን ለዲፕ ለርኒንግ ሞዴል ስጡት በቃ የሚል ነው፣ ይሰራል እኮ፣ ግን የሚወጣው ዝርግ ፖሊጎን ነው፣ ቁመት የለውም፣ የሲሚንቶ ግቢና የሲሚንቶ ጣሪያ ይምታታበታል፣ ጥላ ካለ ደግሞ ግማሹን ቤት ይበላዋል። ከፍታ ብቻ ይዞ የሚገባው ሰው ደግሞ ዛፉን ሁሉ ቤት አርጎት ቁጭ ይላል። ስለዚ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የምንጠቀመው።

እኔ የምሰራበት መንገድ አጭር ነው፦ ከፍታው "ከመሬት ብድግ ያለ ነገር አለ ወይ" የሚለውን ይመልስ፣ ፎቶው "ዛፍ ነው ቤት ነው፣ ጠርዙስ የት ጋ ነው" የሚለውን ይመልስ። ግን ከዛ በፊት ሁለቱ ዳታዎች ስለ አንድ ቦታና ስለ አንድ ጊዜ እያወሩ መሆኑን ማረጋገጥ ግድ ነው። ሰው የሚደክምበትና አልጎሪዝሙን የሚሳደብበት ችግር ብዙውን ጊዜ አልጎሪዝሙ ሳይሆን ይሄ ስለሆነ እዛ ላይ ትንሽ ረዘም አርጌ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ዳታው

ለመለማመጃ የኔዘርላንድስን፣ በተለይ የዴልፍት ከተማን ዳታ እንውሰድ። ነፃ ነው፣ ጥራቱ አሪፍ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰርታችሁ ስትጨርሱ ከራሳችሁ ጋር የምታወዳድሩት መልስ አብሮት አለ። የአገሪቱ ሩብ ያህል መሬት ከባህር ጠለል በታች ስለሆነ ከፍታ መለካት ለነሱ የቅንጦት ነገር አይደለም፣ ኤኤችኤን የሚባል ብሔራዊ የከፍታ ዳታ አላቸው፣ አገሩን በሙሉ በአውሮፕላን ላይዳር (በሌዘር ጨረር ርቀት የሚለካ መሳሪያ) ደጋግመው ለክተውታል። አራተኛው ዙር ከ2020 እስከ 2022 ነው የተበረረው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ በአንድ ካሬ ሜትር 10 ገደማና ከዛ በላይ ነጥብ ታገኛላችሁ፣ ፖይንት ክላውዱም (የተለኩት ነጥቦች ስብስብ) መሬት፣ ሕንፃ፣ ውሃ እየተባለ ክላሲፋይ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ከሱ የተሰራ የግማሽ ሜትር ራስተርም (በፒክስል የተከፈለ ካርታ) አለ፣ ዲኤስኤሙም ዲቲኤሙም። ዲኤስኤም ማለት ከላይ ሲታይ የሚነካው ሁሉ ነው፣ ጣሪያውም ዛፉም፤ ዲቲኤም መሬቱ ብቻ።

የአየር ፎቶውን ፒዶክ ከሚባለው የመንግስት ፖርታል ታገኙታላችሁ፣ በ8 ሳንቲ ሜትርና በ25 ሳንቲ ሜትር፣ የኢንፍራሬድ ፎቶም አለ። ፖይንት ክላውዱ በትልቅ ሺት ሲወርድ ኮምፒዩተር ስለሚያስጨንቅ የዴልፍት ቴክኒክ ዩኒቨርስቲ ትናንሽ አርጎ የከፈለበት ጂኦታይልስ የሚባል ገፅ አለ፣ ከሱ አንድ ሁለት ታይል አውርዱ። የዴልፍትን መሀል ከተማና የዩኒቨርስቲውን ግቢ የሚሸፍነውን ምረጡ፣ ለምን እንደሆነ ወደታች ታዩታላችሁ።

ሶፍትዌር ላይ ብር አታውጡ። ኪውጂአይኤስ፣ ጂዳል፣ ፒዳል እና ክላውድ ኮምፔር ይበቃችኋል፣ ሁሉም ነፃ ናቸው። ሞዴል ማሰልጠን የሚፈልግ ብቻ ፓይተንና ፓይቶርች ይጨምር።

አንድ ነገር ልበል፣ የ30 ሜትር ኤስአርቲኤም አውርዶ ከሱ ቤት ለማውጣት የሚሞክር ሰው አሁንም አያለሁ። ኤስአርቲኤም በየካቲት 2000 ከጠፈር መንኮራኩር ላይ በራዳር የተሰበሰበ ነው፣ አንዱ ፒክስል 900 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፣ እዛ ውስጥ ስንት ቤት እንደሚገባ አስቡት። ለተፋሰስ ጥናት ጎበዝ ነው፣ ለቤት ግን አይሆንም።

ይገጣጠማሉ ወይ?

መጀመሪያ የኮርዲኔት ሲስተሙ። የኔዘርላንድስ ዳታ በኢፒኤስጂ 28992 ነው የሚመጣው፣ ከፍታው ደግሞ ናፕ ከሚባለው የራሳቸው ዜሮ ነው የሚነሳው። ከጂፒኤስ በቀጥታ የተወሰደ የኤሊፕሶይድ ከፍታ ያለው ዳታ ከዚህ ጋር ብትቀላቅሉ ወደ 43 ሜትር ገደማ ልዩነት ይመጣል፣ እሱስ ትልቅ ስለሆነ ወዲያው ታዩታላችሁ፣ የሚያስቸግረው ትንሹ ልዩነት ነው። ኔጌቲቭ ከፍታ ስታዩም አትደንግጡ፣ እዛ አገር ኔጌቲቭ መሬት ኖርማል ነው፣ "ከዜሮ በታች ያለው ኤረር ነው" ብላችሁ ከቆረጣችሁ ግማሽ ሰፈር ይጠፋባችኋል።

ቀጥሎ ዋናው ነገር፣ የሕንፃ መንጋደድ። ተራ ኦርቶፎቶ (እንደ ካርታ ቦታው ላይ እንዲገጥም የተስተካከለ የአየር ፎቶ) የሚስተካከለው በመሬቱ ከፍታ ነው እንጂ በጣሪያው አይደለም፣ ስለዚ መሬቱ በትክክል ቦታው ላይ ይቀመጣል፣ ጣሪያው ግን ካሜራው ካለበት ወደ ውጪ ይንሸራተታል። ስንት ይንሸራተታል? የሕንፃው ቁመት በእይታው ማዕዘን ታንጀንት ሲባዛ። 30 ሜትር ሕንፃ ከቀጥታ ቁልቁል 20 ዲግሪ ተዘንብሎ ከታየ ጣሪያው ወደ 11 ሜትር ይሸሻል። ዴልፍት አደባባይ ላይ ያለው አዲሱ ቤተክርስቲያን የሚባለው (አዲሱ ይባል እንጂ የመካከለኛው ዘመን ነው) ግንቡ 109 ሜትር ገደማ ነው፣ በ10 ዲግሪ ብቻ አናቱ 19 ሜትር ሄዶ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ያርፋል። ላይዳሩ ላይ ግን ግንቡ ቦታው ላይ ነው። እንግዲህ ሁለቱን ደራርባችሁ ለሞዴል ስትሰጡት ሞዴሉ ምን ይማር?

ቼክ ማድረጊያው እንዲህ ነው። ዲኤስኤሙን ሂልሼድ (ከፍታን በብርሃንና ጥላ የሚያሳይ ምስል) አርጉት፣ ፎቶው ላይ በግማሽ ትራንስፓረንሲ ጫኑት፣ ከዛ መንገድና አስፋልት አትዩ፣ እሱማ ይገጥማል፣ ጣሪያ ጣሪያውን ነው የምታዩት። ረጅምና ጠፍጣፋ ጣሪያ ያለው ሕንፃ ፈልጉና በዲኤስኤም ላይ ያለውን ጠርዝና በፎቶ ላይ ያለውን ጠርዝ ርቀት ለኩ። ከሰፈሩ በአራቱም አቅጣጫ እንዲህ አርጉ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እኩል ከሄደ የኮርዲኔት ችግር ነው፣ ራስተሩን ገፋ አርጎ ማስተካከል ይቻላል። ረጅሙ ብዙ አጭሩ ትንሽ ከሄደ ግን ፎቶው ትሩ ኦርቶ (ጣሪያውም ጭምር ቦታው ላይ የተስተካከለ ፎቶ) አይደለም ማለት ነው፣ እሱ በመግፋት አይስተካከልም። ትሩ ኦርቶ ካለ እሱን ፈልጉ፣ ጥሬ ፎቶዎቹ በእጃችሁ ካሉ ደግሞ በዲኤስኤሙ ራሳችሁ ስሩት፣ ሁለቱም ካልተቻለ ለረጃጅሞቹ ሕንፃዎች ጠርዙን ከፎቶ አትውሰዱ፣ ፎቶውን ለቀለም ብቻ ተጠቀሙበት።

ጊዜውም እንደዛው ነው። ዴልፍት ባቡር ጣቢያ አካባቢ በ2015 ባቡሩ መሬት ውስጥ ገብቶ ከላይ የነበረው ድልድይ ፈርሶ በቦታው አዲስ ሰፈር ነው የተሰራው፣ እዛ ጋ የድሮ ላይዳርና የአሁን ፎቶ ብትደራርቡ አንዱ ሕንፃ ይላል ሌላው ባዶ መሬት ይላል፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስለዚ ዳታ ስታወርዱ የተበረረበትን ቀን ጻፉ፣ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ወሩንም። ወሩ ለምን? ባለ 8 ሳንቲ ሜትሩ ፎቶ ዛፉ ቅጠል ሳያወጣ ነው የሚነሳው፣ ጣሪያውን ለማየት በጣም ደስ ይላል፣ ግን ቅጠል የሌለው ዛፍ በኢንፍራሬድ ዛፍ አይመስልም። የበጋው 25 ሳንቲ ሜትር ፎቶ ደግሞ ዛፉን በደንብ ያሳያል ግን ቦዩ ዳር ያሉት ዛፎች ግማሹን ጣሪያ ይሸፍኑታል። መፍትሄው ሁለቱንም መጠቀም ነው፣ የበጋውን ዛፍ ለማውጣት፣ የክረምቱን ለጠርዝ። (የነሱ በጋ ማለት የኛ ክረምት ነው፣ ሰኔ ሐምሌ፣ እንዳትምታቱ።)

መሬቱን መቀነስ

ዲኤስኤም ሲቀነስ ዲቲኤም፣ የሚቀረው ከመሬት በላይ ያለው ቁመት ነው፣ ኤንዲኤስኤም ይባላል። በራስተር ካልኩሌተር የአንድ ደቂቃ ስራ ይመስላል፣ ግን ወጥመድ አለው፦ የኤኤችኤን ዲቲኤም ሕንፃ ያለበት ቦታ ላይ ባዶ ነው፣ ኖዳታ ነው። ላይዳሩ ከጣሪያ ስር መሬት አይቶ አያውቅማ። ዝም ብላችሁ ከቀነሳችሁ ውጤቱ ባዶ የሚሆነው በትክክል ሕንፃዎቹ ያሉበት ቦታ ላይ ነው፣ ካርታው ላይ መንገድና ሣር ብቻ ይቀራል። ስለዚ መጀመሪያ ዲቲኤሙን በጂዳል ፊል ኖዳታ ሙሉት፣ የፍለጋ ርቀቱን ትልቅ አርጉ፣ ከትልቁ ሕንፃ ግማሽ ወርድ እንዲበልጥ። ዴልፍት ዳር ያለውን የአይኬያ ሱቅ የሚያክል ጣሪያ በ10 ሜትር ፍለጋ አይሞላም።

ዲኤስኤሙም ቦዮቹ ላይ ባዶ ነው፣ የላይዳሩ ጨረር ኢንፍራሬድ ስለሆነ ውሃው ይውጠዋል። እሱን አትሙሉት፣ ውሃ ነው ብላችሁ ተውት፣ ከሞላችሁት ከግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች ከፍታ ወደ ቦዩ ይፈስና ውሃ ላይ ቤት ይበቅላል። ቦዩ ላይ የታሰረ ጀልባ ቤትስ? እሱን ቤት ነው አይደለም የሚለውን እናንተ ወስኑ፣ ሰው ይኖርበታል።

ክላሲፋይ ያልተደረገ ፖይንት ክላውድ ካላችሁ (የራሳችሁ ድሮን ከሆነ ማለት ነው) መሬቱን ራሳችሁ ታወጣላችሁ። ፒዳል ውስጥ ኤስኤምአርኤፍ የሚባል ፊልተር አለ፣ ዊንዶው የሚለው ሴቲንግ ሲመጣ 18 ሜትር ነው፣ ከዛ በላይ ሰፊ የሆነ ሕንፃ ካለ የጣሪያው መሀል መሬት ተብሎ ይመደብና ቤቱ መሀሉ የተበሳ ሆኖ ይወጣል። መጋዘን ያለበት ሰፈር ከሆነ ዊንዶውን አሳድጉ፣ ተዳፋት ያለበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ ብዙ አታሳድጉ፣ ኮረብታውን ይቆርጠዋል። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም፣ ሰፈሩን ከፋፍላችሁ ስሩ።

ዛፉን ማውጣት

ኤንዲኤስኤሙ ላይ ከ2.5 ሜትር በላይ ያለውን ያዙ። ይሄ መኪናን፣ አጥርን፣ ቁጥቋጦን ያወጣልናል። የሚቀረው ሕንፃ፣ ዛፍ፣ ድልድይ፣ ክሬን ምናምን ነው።

ዛፉን በኤንዲቪአይ፦ ኢንፍራሬድ ሲቀነስ ቀይ፣ ሲካፈል ለድምራቸው። ቅጠል ኢንፍራሬድን በጣም ስለሚያንጸባርቅ ቁጥሩ ይጨምራል። ስንት ላይ እንቁረጥ ለሚለው ከሰው ቁጥር አትቅዱ፣ የኦርቶፎቶ ፒክስል በትክክል ካሊብሬት የተደረገ ስላልሆነ ከበረራ በረራ ይለያያል፣ ሂስቶግራሙን አውጡና ሁለቱ ጉብታዎች መሀል ያለውን ሸለቆ ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.25 ባለው ውስጥ ነው የሚገኘው። ጥላ ውስጥ ግን ኤንዲቪአይ አትመኑት፣ ሁለቱም ባንድ ወደ ዜሮ ስለሚጠጉ ቁጥሩ ይዘላል።

ጥላ ውስጥ ላለው ፖይንት ክላውዱን ጠይቁት። ዛፍ ላይ የወረደ ጨረር ቅጠሉ ላይ ትንሽ፣ ቅርንጫፉ ላይ ትንሽ፣ መሬት ላይ ትንሽ እያለ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመለሳል፣ ጣሪያ ላይ የወረደው ግን አንዴ ነው የሚመለሰው። ስለዚ የመመለሻ ቁጥሩን በግማሽ ሜትር ግሪድ አማካይ አውጡለት። በተጨማሪ በየነጥቡ ዙሪያ ያሉትን ጎረቤቶች ወስዳችሁ ጠፍጣፋነታቸውን አስሉ፣ ክላውድ ኮምፔር ላይ ፕላናሪቲ ብላችሁ ታገኙታላችሁ፣ ጣሪያ ወደ 1 ይጠጋል ዛፍ ይበታተናል። ሌሊት የተበረረ ላይዳር እንኳ ቢሆን ይሄ ይሰራል፣ ፀሐይ አያስፈልገውም።

ሁሉንም ካዋሃዳችሁ በኋላ ኦፕኒንግ የሚባለውን የሞርፎሎጂ ስራ (ትናንሽና ቀጫጭን ቁርጥራጮችን የሚያጠፋውን) በትንሹ አርጉ፣ ቀዳዳ ድፈኑ፣ ከ10 ካሬ ሜትር በታች ያለውን ጣሉ። ድልድዮችን ኤኤችኤን ራሱ ክላስ 26 ብሎ ለይቷቸዋል። ከዴልፍት ወደ ምዕራብ ወጣ ብላችሁ ዌስትላንድ ጋ ከሄዳችሁ ደግሞ ማለቂያ የሌለው የመስታወት ግሪንሃውስ አለ፣ ጨረሩ ግማሹ ከመስታወቱ ይመለሳል ግማሹ ገብቶ ቲማቲሙ ላይ ያርፋል፣ ፎቶው ደግሞ በመስታወቱ ውስጥ አረንጓዴ ያያል። እዛ ሰፈር ላይ ይሄ ዘዴ አይሰራም፣ ለብቻው አውጥታችሁ በእጅ ስሩት።

ሁለቱም አንድ ላይ የሚሳሳቱበት ሕንፃ

አሁን የዩኒቨርስቲውን ግቢ ለምን ምረጡ እንዳልኩ። የዴልፍት ቴክኒክ ዩኒቨርስቲ ላይብረሪ ጣሪያው ሣር ነው። ሰው ይወጣበታል፣ ፀሐይ ሲሆን ተማሪ ይተኛበታል፣ ከመሬት ይጀምርና ቀስ እያለ ከፍ እያለ ይሄዳል፣ መሀሉን አንድ ኮን በስቶት ወጥቷል። አልጎሪዝማችን ምን ይላል? ኤንዲቪአይ "ሣር ነው" ይላል፣ ልክ ነው። የመሬት ፊልተሩም "ከመሬት ቀስ ብሎ የሚወጣ ተዳፋት ነው፣ ኮረብታ ነው" ይላል። ሁለት ምስክር ተስማምተው ሕንፃውን አጠፉት፣ ኮኑ ብቻ ሣር ላይ ቆሞ ይቀራል።

ይሄን ሕንፃ ሁሌ የምጠቅሰው ዳታ ማዋሃድ ብቻውን ስህተትን እንደማያጠፋ ስለሚያሳይ ነው። ማዋሃድ የሚጠቅመው አንዱ ሲሳሳት ሌላው ትክክል ከሆነ ነው። የኛ ህግ "ከፍ ያለ እና አረንጓዴ ያልሆነ" ስለሚል ከሁለቱ አንዱ እምቢ ካለ ቤቱ ይወድቃል። ስለዚ "እና" ብላችሁ ከምትቆርጡ ነጥብ ስጡት፦ ቁመቱ፣ ጠፍጣፋነቱ፣ የመመለሻ ቁጥሩ፣ ኤንዲቪአይው እያንዳንዳቸው ድምፅ ይኑራቸው፣ የላይብረሪው ሣር ጠፍጣፋነቱና አንዴ ብቻ መመለሱ ይመሰክርለታል። የመሬት ፊልተሩ ስህተት ግን በዚህም አይስተካከልም፣ እሱን የሚያድነው የሕንፃ አሻራ ፖሊጎን ብቻ ነው። ኔዘርላንድስ ባግ የሚባል የሕንፃና የአድራሻ መዝገብ አላት፣ ፖሊጎኖቹ ሕንፃው ከላይ ሲታይ ያለውን ቅርፅ ነው የሚያሳዩት፣ ከላይዳር ጋር ለማዋሃድ የሚመቸውም ለዛ ነው።

ከላይብረሪው አጠገብ ያለው አውላ የሚባለው የ1966 የኮንክሪት አዳራሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ ሕንፃው ሆዱን ወደፊት ገፍቶ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ከስሩ ሰው ይሄዳል። ዲኤስኤም ማለት ከላይ ጋቢ እንደመጣል ነው፣ ከስር ያለውን አያውቅም፣ ስለዚ ሞዴላችሁ ላይ አውላ እስከ መሬት ድረስ ድፍን ይሆናል። ለጎርፍ ወይም ለነፋስ ጥናት ከሆነ ይሄ ትልቅ ስህተት ነው፣ ለከተማ እይታ ብቻ ከሆነ ተዉት።

ሞዴል ማሰልጠን ለሚፈልግ

ዩኔት (ምስልን ፒክስል በፒክስል የሚለይ የዲፕ ለርኒንግ ሞዴል) በቂ ነው፣ ከሱ የከበደ ነገር ከመፈለጋችሁ በፊት ዳታውን አስተካክሉ። ለመጀመሪያ ልምምድ አይኤስፒአርኤስ (ዓለም አቀፉ የፎቶግራሜትሪና ሪሞት ሴንሲንግ ማህበር) ያወጣቸው የጀርመን ከተሞች ዳታ አለ፣ ፋይሂንገን በ9 ሳንቲ ሜትር፣ ፖትስዳም በ5 ሳንቲ ሜትር፣ ትሩ ኦርቶና ዲኤስኤም አብሮ፣ ሌብሉም ተሰርቶ ነው የሚመጣው።

ግብዓቱን ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ኢንፍራሬድ እና ኤንዲኤስኤም አርጋችሁ ደርድሩ። ጥሬ ዲኤስኤም አትስጡት፣ ከባህር ጠለል ያለውን ከፍታ ከሰጣችሁት ሞዴሉ የሰፈሩን መሬት ከፍታ ይሸመድዳል፣ ሌላ ከተማ ስትወስዱት ይደናገራል። ኤንዲኤስኤሙን 30 ወይ 40 ሜትር ላይ ቁረጡትና ከ0 እስከ 1 አምጡት፣ አለበለዚያ አንዱ የቤተክርስቲያን ግንብ የተራውን ቤት ሦስት ሜትር ምንም ያስመስለዋል። በሦስት ቻናል ፎቶ ቀድሞ የሰለጠነ ክብደት የምትጠቀሙ ከሆነ አራተኛው ቻናል ቦታ የለውም፣ የመጀመሪያውን ሌየር አስፍታችሁ ለአዲሱ ቻናል የሌሎቹን አማካይ ስጡት፣ ይሰራል።

ማሰልጠኛና መፈተኛውን ደግሞ በሰፈር ክፈሉ። ታይሎቹን በዘፈቀደ ከበተናችሁ የአንድ ቤት ግማሽ ማሰልጠኛ ውስጥ ግማሹ መፈተኛ ውስጥ ይገባል፣ አይኦዩው (የሞዴሉ ውጤትና እውነተኛው መልስ ምን ያህል እንደሚደራረቡ የሚለካው) በጣም ያምራል፣ ዲፌንስ ላይ ፕሮፌሰሩ "እንዴት ነው የከፈልከው" ሲል ያበቃል።

ጠርዝ

10 ነጥብ በካሬ ሜትር ማለት በነጥብና በነጥብ መሀል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አለ ማለት ነው፣ የጣሪያው እውነተኛ ጠርዝ በሁለት ነጥብ መሀል የሆነ ቦታ ነው፣ ላይዳሩ አያውቀውም። የ8 ሳንቲ ሜትሩ ፎቶ ግን ያውቀዋል፣ ከላይ ስለመንጋደድ ያልኩት ቼክ ካለፈ ማለት ነው። ስለዚ ከከፍታ የወጣውን ፖሊጎን እንደ መነሻ ያዙና በዙሪያው ግማሽ ሜትር ገደማ ባፈር ውስጥ ብቻ የፎቶውን ቀጥ ያሉ መስመሮች ፈልጉ። ፎቶውን በሙሉ ኤጅ ዲቴክት ካረጋችሁ የጡብ መስመር፣ የመንገድ ቀለም፣ የጥላ ጠርዝ ሁሉ ይመጣባችኋል፣ ባፈሩ ነው የሚያድነው።

ከዛ መስመሩን ቀለል አርጉ፣ የሕንፃውን ዋና አቅጣጫ አውጡና ወደ 90 ዲግሪ የቀረበውን 90 አርጉት። ግን አታስገድዱ፣ የዴልፍት የቦይ ዳር ቤቶች በመቶዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት በጠባብ መሬት ላይ የተሰሩ ስለሆኑ ብዙዎቹ ማዕዘናቸው ቀጥ አይደለም፣ ከ10 ዲግሪ በላይ የሚርቀውን እንዳለ ተዉት። ግድግዳ የተጋሩ ተከታታይ ቤቶችን ደግሞ ከፍታም ፎቶም አይለያቸውም፣ አንድ ረጅም ጣሪያ ነው የሚታየው፣ እነሱን የሚለያቸው የካዳስተር መስመር ነው።

ጣሪያውን መስራት

ቀላሉ ኤልኦዲ 1 ነው (ኤልኦዲ ማለት የዝርዝር ደረጃ ነው)፣ ፖሊጎኑን ወስዶ ወደ ላይ መሳብ። እዚህ ጋ ሰው የማይጠይቀው ጥያቄ "የትኛው ቁመት" የሚለው ነው። ከፍተኛውን ከወሰዳችሁ አንቴናና ጭስ ማውጫ ይሆናል፣ አማካዩን ከወሰዳችሁ ሾጣጣ ጣሪያ ያለው ቤት ያጥራል። 70ኛውን ፐርሰንታይል መውሰድ ጥሩ ልማድ ነው። የታችኛውን ደግሞ በሕንፃው ዙሪያ ካሉት የመሬት ነጥቦች ዝቅተኛዎቹ አካባቢ ውሰዱ፣ ቤቱ አየር ላይ እንዳይንሳፈፍ።

ኤልኦዲ 2 የጣሪያው ቅርፅ ነው። በፖሊጎኑ ውስጥ ያሉትን የሕንፃ ነጥቦች ውሰዱ፣ ጠፍጣፋ ገጾችን ፈልጉ፣ በራንሳክም (በዘፈቀደ ነጥብ እየመረጠ ገጽ የሚሞክር) በሪጅን ግሮዊንግም (ከአንድ ነጥብ ተነስቶ ጎረቤቶቹን እየጨመረ የሚሄድ) ይሆናል፣ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ራንሳክ አንዳንዴ የማይገናኙ ሁለት ጣሪያዎችን በአንድ ገጽ ይቆርጣል። ነጥቡ ከገጹ የሚርቅበትን 15 ወይ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ትንሹን የነጥብ ብዛት 15 ገደማ አርጋችሁ ጀምሩ። ሁለት ገጽ ሲገናኝ የጣሪያው አናት መስመር በስሌት ይወጣል፣ እንደውም ይሄ መስመር ከየትኛውም ነጠላ ነጥብ የበለጠ ትክክል ነው፣ ምክንያቱም የመቶዎች ነጥብ ውጤት ነው። ደረጃ ያለበት ቦታ ላይ ግን፣ ማለትም አንዱ ጣሪያ ከሌላው ዝቅ ብሎ የሚያልቅበት፣ ገጾቹ አይገናኙም፣ እዛ ጋ ነው እንደገና ፎቶው የሚጠቅመው። ከዛ በነዚህ መስመሮች ፖሊጎኑን ቆራርጡት፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ የትኛው ገጽ እንደሚስማማው ምረጡ፣ ግድግዳውን ወደ ታች አውርዱ።

ይሄን ሁሉ በእጅ ኮድ መጻፍ ለትምህርት ጥሩ ነው፣ ለስራ ከሆነ ግን የዴልፍት ዩኒቨርስቲ ቡድን ሩፈር የሚባል ክፍት መሳሪያ አለው፣ ፖሊጎንና ፖይንት ክላውድ ትሰጡታላችሁ ሞዴሉን ያወጣል። በዚሁ መንገድ የመላው አገሩን 10 ሚሊዮን ገደማ ሕንፃ ሰርተው ስሪዲ ባግ ብለው በነፃ አውጥተውታል፣ ቅድም መልሱ አብሮ አለ ያልኩት እሱን ነው። የራሳችሁን ከሱ ጋር ደራርቡ። ግን እሱም ፍፁም አይደለም፣ የዴልፍት አሮጌው ቤተክርስቲያን ግንብ ወደ 2 ሜትር ያህል ያዘነበለ ነው፣ ቱሪስት ፎቶ የሚነሳበት፣ በዚህ ዘዴ ግን ግድግዳ ሁሉ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ቀና ብሎ ነው የሚወጣው።

ስትፈትሹ ሁለት ነገር ለየብቻ ፈትሹ። አንደኛው ነጥቦቹ ከሞዴሉ ስንት ይርቃሉ፣ ሁለተኛው ቅርፁ በትክክል የተዘጋ ነው ወይ፣ ለሱ ቫልስሪዲቲ የሚባል ቼከር አለ። በአይን ቆንጆ የሚመስል ሞዴል ስንጥቅ ካለው ይዘቱን ልታሰሉ ስትሉ የማይሆን ቁጥር ያወጣል።

አዲስ አበባ ላይ በድሮን ከሆነ

ነፃ የአገር ላይዳር ስለሌለን ፎቶውም ከፍታውም ከአንድ ድሮን ነው የሚመጣው፣ ፈቃድ ካገኛችሁ በኋላ ማለት ነው። ጥቅሙ ሁለቱ በአንድ ቀን ስለሚነሱ የጊዜው ችግር አይኖርም። ጉዳቱ ከፍታው ከፎቶ የተሰላ ስለሆነ ፎቶው የሚያቅተው ቦታ ላይ ከፍታውም ያቅተዋል፣ ሁለት ምስክር ሳይሆን አንድ ምስክር ሁለቴ ሲናገር ነው። አዲስ ቆርቆሮ በቀትር ፀሐይ ሲያብለጨልጭ ፎቶው ነጭ ይሆናል፣ ማች የሚደረግ ነገር የለም፣ ዲኤስኤሙ ላይ ጣሪያው ይጎረብጣል። ስለዚ ደመና ባለበት ቀን ወይ ጠዋት አብርሩ፣ ድርብርቡን ወደፊት 80 ወደ ጎን 70 በመቶ አርጉ፣ አንድ ዙር ደግሞ ካሜራውን ዘንበል አርጋችሁ ጨምሩ። የዛገ ቆርቆሮ በተቃራኒው ከአፈር ጋር አንድ አይነት ቀለም ነው፣ እሱን ከፍታ ነው የሚለየው፣ ዝቅተኛ ቤት ባለበት ሰፈር ግን 2.5 ሜትር ብላችሁ አትቁረጡ፣ ወደ 1.8 አውርዱትና አጥሩን በወርዱ አውጡ። ፒዳልም ሆነ ኦፕን ድሮን ማፕ ስትጠቀሙ ዲቲኤሙ ተጠጋግተው የተሰሩ ቤቶች መሀል መሬት ስለማያገኝ ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ቤቱን ያሳጥራል፣ በጠባቡ መንገድ ላይ ጥቂት የመሬት ነጥብ በእጅ ለክታችሁ ጨምሩለት።

ተራ ድሮን ኢንፍራሬድ የለውም። በቀይ አረንጓዴ ሰማያዊ ብቻ የሚሰራ የአረንጓዴነት ኢንዴክስ መጠቀም ይቻላል፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮን ግን ዛፍ ይለዋል፣ ጠፍጣፋነቱን አብራችሁ እዩ። ባህር ዛፍ ደግሞ ቀጥ ያለና ቀጭን ስለሆነ ከፎቶ የሚሰላ ዲኤስኤም አብዛኛውን ጊዜ አናቱን አያገኘውም፣ ለኛ ስራ ይሄ እንኳን ይጠቅመናል።

አሻራ ፖሊጎን ለመነሻ ከፈለጋችሁ ጎግል በ2021 ከአፍሪካ የጀመረው ኦፕን ቢልዲንግስ አዲስ አበባንም ይሸፍናል፣ ከ50 ሳንቲ ሜትር ሳተላይት ነው የወጣው፣ ቦታው ትንሽ ሊንሸራተት ይችላል፣ ስለዚ ከድሮናችሁ ጋር አስተካክሉት። ከመስሪያ ቤት የድሮ ፕላን ካመጣችሁ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠይቁት በአዲንዳን (በድሮው የኢትዮጵያ የኮርዲኔት መነሻ) ነው ወይስ በደብሊውጂኤስ 84 (ጂፒኤስ በሚጠቀመው) የሚለውን ነው። ሁለቱም ዩቲኤም ዞን 37 ናቸው፣ ቁጥሮቹም ይመሳሰላሉ፣ በመሬት ላይ ግን ከ200 ሜትር በላይ ይራራቃሉ፣ ኢፒኤስጂ 20137 ያለውን ወደ 32637 ስትቀይሩ ኪውጂአይኤስ ስለ ትራንስፎርሜሽን ሲጠይቃችሁ ዝም ብላችሁ ኦኬ አትበሉ፣ ለኢትዮጵያ የተባለውን ምረጡ፣ ከዛ መንታ መንገድ ወይም የታወቀ የሕንፃ ማዕዘን ላይ ገጥሞ እንደሆነ እዩ።